ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ ቀድሞ ይፈላል

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ወላጆች፣ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ርዕሰ መምህሩ ሲጋብዙኝ «15 ደቂቃ ይበቃዎታል» ብለውኛል። 33 ዓመት ሙሉ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የኖረ ሰው 15 ደቂቃ ሲሰጡት ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ያልቅበታል። እሞክራለሁ።

ዛሬ የምንሸኛቸው ሦስቱ መምህራን 60 ሞልቷቸው ነው የሚወጡት። እኔ አምና የወጣሁት በ55 ነው። ገና የአንድ ዓመት ጡረተኛ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ጀማሪ ነኝ ማለት ነው። ምክር ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

የወጣሁ ሰሞን ሰፈር ውስጥ ያላዘነልኝ የለም። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይሉኛል። አንዷ ጎረቤታችን ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርታ «አባረሩት እንዴ?» ብላታለች። እኛ ጋ ሰው በገዛ ፈቃዱ ደሞዙን ተወ ከተባለ ወይ ታሟል፣ ወይ ሎተሪ ደርሶታል፣ ወይ ልጁ አሜሪካ ገብቷል። ከሦስቱ አንዱም የለኝም።

ሕጉ ይፈቅዳል። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመውጫው 5 ዓመት ቀድሞ አበሉን ማግኘት ይችላል። እኔም ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ሠራሁት። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ለቀሩት 23 ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ 1.25። ድምሩ 58.75 በመቶ መጣ፤ እሱም ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው። እስከ 60 ብታገስ 65 ይገባ ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን አየት አድርጋ «ስድስት ከሩቡን ትተኸው ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እሺ፣ ስኳሩን አንተ ትቀንሳለህ» አለች። ቀነስኩ።

ሥራ የጀመርኩት በ1984 ነው። ከኮተቤ በዲፕሎማ ወጥቼ ዕጣ ሳነሳ መሐል ሜዳ ደረሰኝ። ደሞዜ 347 ብር ነበር። መሐል ሜዳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ጠመኔ ለመያዝ መጀመሪያ ጣትህን ብብትህ ውስጥ ማሞቅ አለብህ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ዲግሪዬን በክረምት እየተመላለስኩ ጨረስኩ። ያን ጊዜ ልጆቼ አባታቸውን ክረምት ላይ አያውቁትም ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁ።

ወደዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል። ስለ ነጥበ ፍሌት እያስተማርኩ ነው። መጽሐፉ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል» ይላል። ከቤት የላምባ ምድጃችንን በፌስታል ይዤ መጣሁ። ከላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተዋስኩ። ልጆቹ ወንበር ላይ ቆመው፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ያያሉ። ክፍሉ ላምባ ላምባ ይሸታል። ውሃው መንተክተክ ጀመረ። አንዱን ልጅ ጠርቼ «አንብብ» አልኩት። «91» አለ። ጠበቅን። አሁንም 91። ውሃው ይፍለቀለቃል፣ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ የለም። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል!» ብለው ሳቁ።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷ ንፍሮ ይሸጣሉ። «እናቴ ሸዋ ሮቢት ሳለን ባቄላ እንዲህ አያስቸግረኝም ነበር ትላለች» አለች።

ክፍሉ ሳቀባት። እኔ ግን ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። ልጅቷ ትምህርቱን ጨርሳዋለች። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ የአየር ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ውሃው 96 አካባቢ ደርሶ ነው የሚፈላው። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ግፊቱ ስለሚያንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ቀድሞ ይፈላል እንጂ ቀድሞ አያበስልም፤ ባቄላው የሚፈልገው ሙቀቱን እንጂ መንተክተኩን አይደለም። የልጅቷ እናት ይህንን በማገዶ ወጪ ነው የሚያውቁት።

በማግስቱ ሦስት ወላጆች መጡ። ልጆቹ ቤት ገብተው ድስት ሁሉ ከፍተው አዳርሰዋል።

ከዚያ በ1997 ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። አዳዲሶቹ መምህራን አልደረሳችሁበትም። በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ያለ ፋታ ያስተምራል። ለእኛ የቀረችልን መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ቆሞ «በጣም ጥሩ!» ይላል። ማንም አልመለሰለትም እኮ! መብራት ሲጠፋ ታዲያ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሆ!» ይላል፣ እኔም ጠመኔዬን አነሳለሁ። በዕድሜዬ ሰው መብራት በመጥፋቱ ሲደሰት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚሉ ሥዕሎችም ነበሩት። ስለ አተም ያሳየንን እኔ በጠመኔ መቶ ዓመት ብሞክር አልስለውም።

በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲመጣ ከግማሽ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ታስታውሳላችሁ፣ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ማንም ጮክ ብሎ አልሳቀም። አንዱ ተማሪውን፣ አንዱ ወላጁን፣ አንዱ ሥርዓተ ትምህርቱን ይወቅሳል። እኔም ስወቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባብኝ። ፖርሽን፣ የዓመቱን ምዕራፎች ማለቴ ነው፣ መጨረስ። ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ መስጠት። ምድጃ ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ቀስ እያለ ሄደ፤ መሄዱን እንኳ አላስተዋልኩም።

ያስተዋልኩት አምና ግንቦት ላይ ነው። 10ኛ ክፍል፣ 64 ተማሪ፣ የጠዋቱ ፈረቃ መጨረሻ። ድምፄ ተዘግቷል፤ ሐኪም «ጉሮሮህን አሳርፍ» ካለኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ምዕራፍ ይቀረኛል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከመስኮቱ ጥግ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ጨረቃ ቀን ላይ ለምን ትታያለች?» አለኝ። ልጁ ወደ ውጭ እያየ ነበር።

ዞር እንኳ ሳልል «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩት።

ልጁ «እሺ» አለ። ምንም አልተከፋም። ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ መገልበጡን ቀጠለ።

ቢከፋው ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳ አልበላሁም። 55 ዓመቴ የሚሞላው በሐምሌ ነበር። ማመልከቻውን ሰኔ ላይ ጻፍኩ። መጽሐፉ 100 ይላል፣ የእኛ ውሃ 91 ላይ ይፈላል። መንግሥት 60 ይላል፣ እኔ 55 ላይ ፈላሁ። ሌላ ምክንያት ሲጠይቁኝ ጉሮሮዬን ነው የምነግራቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ይመስለኝ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት የተጀመረ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ኮቴን ለበስኩ። ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና «ወዴት ነህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዳቦ ልገዛ ነው አልኳት። ዳቦ ቤቱ አልተከፈተም ነበር።

ቤቴ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የምትደውሉት ቸርኬ ሲመታ እሰማዋለሁ። ቡና ላይ ተቀምጬ ቸርኬው ሲመታ ብድግ እላለሁ። እንግዶች የምንሄድ እየመሰላቸው አብረውኝ ይነሳሉ። ባለቤቴ አሁን ሁለተኛውን በረካ የምታቀርበው ደወሉን ቆጥራ ነው።

ድንች ተከልኩ። ጥቅምት ላይ ውርጭ መታው። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የእድራችን ሽማግሌዎች መጥተው «መምህር፣ አሁን ጊዜ አለዎት» አሉኝ። ጸሐፊ ሆንኩ። እናንተም የዛሬ ተሰናባቾች ተዘጋጁ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ያየ እድር አይምርም። መዝገቡን ሳየው ተማሪ ሳለ የሚያስቸግረኝ አንድ ልጅ አሁን ሁለት ወር መዋጮ አልከፈለም። ስሙን ስጠራ «አቤት ቲቸር» አለ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ፂሙ ሸብቷል።

የሚናፍቀኝ ማስተማሩ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የሚናፍቀኝ ልጅ የማላውቀውን ነገር ሲጠይቀኝ ነው። ቤት ውስጥ የሚጠይቀኝ የለም። ባለቤቴ ሁሉን ታውቃለች።

ስለዚህ ዛሬ ስትጠሩኝ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይም ነው። ከመስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ፣ አሁን 11ኛ ክፍል መሆንህ ነው። ከኋላ ቆመህ አይቼሃለሁ፤ ጎንበስ አትበል። ስገባ ቀና ብዬ አይቻለሁ፣ ጨረቃዋ በምሥራቅ በኩል ወጥታለች። ሻዩን ከጠጣን በኋላ፣ ደመናው ካልቀደመን፣ ባንዲራው ጋ እጠብቅሃለሁ። ብርቱካን ቢጤ ክብ ነገር ካገኘህ ይዘህ ና።

አመሰግናለሁ።