አስራ ዘጠኝ ሰከንድ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፤ ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንቤ። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ብርዱ ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት።

ስለ ዋናው አስፋልት ላወራችሁ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መጥቶ፣ ከተማችንን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወደ ደሴ ስለሚሄደው። እዚህ ያደገ ሰው ይሄን መንገድ ልብ አይለውም። እኔም አልለውም ነበር። እንዲያውም ሁልጊዜ ከአፌ የማትጠፋ አንድ ነገር ነበረች፤ «የኛ ሰው እኮ መሻገር አያውቅም።» ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጬ ስንቴ ብያታለሁ! ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ቀድሜ የምበሳጨው እኔ ነኝ።

ነገሩ የተገለበጠብኝ ባለፈው እናቴን ይዤ ከለቅሶ ስመለስ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ዜብራው ጋ ደረስን። ዜብራ ስል ቀለሙ ከለቀቀ ቆይቷል፣ የቀረው ትዝታው ነው። ቆምን። ሲኖትራክ አለፈ። አይሱዙ አለፈ። ባጃጅ፣ ባጃጅ፣ አሁንም ባጃጅ። ነፃ ሆነ ብለን ገባን። መሐል ላይ ስንደርስ ከወዲያ በኩል ሚኒባስ ከተፍ አለ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እማማ፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ!» አላት። እናቴ እዚያው አስፋልት መሐል ቆማ «እሺ ልጄ፣ ይቅርታ» አለችው። ይቅርታ! ዜብራ ላይ!

ያ ይቅርታ ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ሄጄ መንገዱን በእርምጃ ለካሁት። ወደ 14 ሜትር ይመጣል። በእናቴ አካሄድ ስቆጥረው 19 ሰከንድ ሆነ። እስቲ አብረን እናስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በ19 ሰከንድ ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ እናቴ እግሯን ከማንሳቷ በፊት 300 ሜትር ርቆ ያለን መኪና አይታ፣ ፍጥነቱን ገምታ መወሰን አለባት ማለት ነው። ያውም በሁለቱም አቅጣጫ። እናቴ ጎረቤቷን እንኳን በድምፅ ነው የምትለያት። የክረምቱ ጉም ሲጨመርበትማ ተዉት።

እና መሻገር የማያውቀው ማነው?

መንገዱ የተሰመረው ለአላፊ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴ ለሚያድረው። እኛ እዚህ ለምናድረው የተረፈን ጠርዙ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ክዳን የሌለው ቦይ አለ፣ የቆመ ባጃጅ አለ፣ የፈሰሰ አሸዋ አለ። ስለዚህ ሰዉ አስፋልቱ ላይ ወርዶ ይሄዳል። ከዚያ ሰዉን እንሰድባለን።

መፍትሔው ተራራ መግፋት አይደለም። ለምሳሌ መንገዱ መሐል ላይ ሁለት ሜትር የምትሆን ማረፊያ ብትሠራ መሻገሩ ለሁለት ይከፈላል። እናቴ በአንድ በኩል ብቻ አይታ ግማሹን ትጨርሳለች። እዚያ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ከዚያ ሌላውን። ቦታው ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ለአንድ መኪና የሚተው መስመር አገር አቋራጭ ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ሦስት ሜትር ይበቃል። አውቶቡስ ራሱ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ከየመስመሩ የምትተርፈዋን ግማሽ ሜትር ሰብስቧት። መስመሩ ሲጠብ ሹፌሩም ሳይነገረው እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። በ2012 የካቲት ስለ መንገድ ደህንነት ሊመክሩ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የየአገሩ ሚኒስትሮች እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚል መግለጫ አውጥተዋል። ጥሩ። ግን ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ሠርቶ «30» የሚል ታፔላ መትከል፣ ጠላ ጠምቆ አትጠጡ እንደማለት ነው።

ሌላው ያስተዋልኩት የታክሲ ማቆሚያውን ነው። ሚኒባሱ ሰው የሚያወርደው ዜብራው አፍ ላይ ነው። የወረደው ሰው በፊት ለፊቱ ዞሮ ይሻገራል። ከኋላ የሚቀድመው ባጃጅ እግረኛውን የሚያየው ፊቱ ላይ ሲደርስ ነው። ማቆሚያው ዜብራውን አለፍ ብሎ ቢሆን ሰዉ ከመኪናው ኋላ ይሻገራል፣ ይታያል። ይሄ ቀለምና ጥቂት እርምጃ ነው የሚፈልገው። አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛው ላይም የመንገዱን ለውጥ መጀመሪያ በቀለምና በአበባ ገንዳ ሞክረውት ነበር። ሲሚንቶ ከማፍሰስ በፊት መሞከር ብልህነት ይመስለኛል።

ብስክሌትስ? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ነፋሱ ፊት ይልጣል። መሬቱ ግን እንደ ደብረ ሲና ቁልቁለት አይደለም፣ ለብስክሌት ይመቻል። ፋብሪካ የሚገባው ወጣት በጨለማ በእግሩ ሲሄድ ሳይ ሁሌም ይቆጨኛል። ብቻ መስመሩን በቀለም አስምረው እንዳይተዉት። በማግስቱ ባጃጅ ይቆምበታል። የድንጋይ ጠርዝ ያስፈልገዋል።

መብራቱንም ልጨምር። ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወረደ ብሎ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆራት ከተማ ናት። ዜብራው ላይ ግን አምፖል የለም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። መንገድ ሊሠራ ሲባል መጀመሪያ የሚነሱት ጉልት ሻጮቹ ናቸው። ሽንኩርትና ቃሪያ ይዘው የእግረኛ መንገዱን እንደሚይዙ አውቃለሁ፤ እኔም ተደናቅፌያለሁ። ግን እናቴ በእግሯ ደርሳ የምትገዛው ከእነሱ ነው። ንድፉ ላይ ሜትር ተኩል ቢተውላቸው ምን ይጎዳል?

ይሄን ሁሉ ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። ቡና እያፈላች ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «የማርያም ማኅበሬን ለምን የተውኩ ይመስልሃል?» አለችኝ። እኔ በጉልበቷ መስሎኝ ነበር፤ ለጠየቀን ሰው ሁሉም እንደዚያ ነበር የምለው። ማኅበሩ ያለው ከአስፋልቱ ማዶ ነው።