አካንተስ፦ ከጓሮ ሥር እስከ ዓምድ ጉልላት

ሰናይት፦ የዛሬው ውይይታችን አካንተስ ስለሚባለው ተክል ነው። ዮናስ፣ እኔ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ እንጂ በአፈር ላይ በቅሎ ስለማላውቀው፣ ለዓመታት ከተከልከው ከአንተ ብንጀምር ይሻላል።

ዮናስ፦ እንግዲያው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ እጀምራለሁ፤ የዚህ ተክል ጠባይ ያለው እዚያ ነውና። ሥሩ ወፍራም ሆኖ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ስለሆነ፣ ተክሉን ነቅሎ ወደ ሌላ መደብ ያዛወረ ሰው፣ በቀድሞው ጉድጓድ ውስጥ የቀሩት ቁርጥራጮች በሚቀጥለው ወቅት ቅጠል አውጥተው ያገኛቸዋል። እኔ ካነሣሁበት ቦታ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በቅሎብኛል።

ሰናይት፦ ለአትክልተኛ ይህ በረከት ነው ወይስ ጣጣ?

ዮናስ፦ ማራባት ለሚፈልግ በረከት ነው፤ ተክሉ በሚያርፍበት የብርድ ወቅት ከሥሩ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ በአበባ መትከያ ሸክላ ውስጥ መቅበር ይበቃዋል። ጠባብ ጓሮ ላለው ግን ጣጣ ነው፤ ስለዚህ ቦታውን አስቀድሞ አስቦ አንድ ጊዜ መወሰን፣ በተክልና በተክል መካከልም 1 ሜትር ያህል መተው ይገባል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ውኃ የሚቋጥር አፈር ነው። ጥላ ቅጠሉን ያሳምረዋል፤ አበባ የሚያበዛለት ግን ፀሐይ ነው፤ የአበባው ዘንግ ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ነጫጭ አበቦቹም ከሐምራዊ መከለያዎች ሥር ብቅ ይላሉ። ቀንድ አውጣም ለጋ ቅጠሉን ይወደዋል።

ሰናይት፦ ስሙ የመጣው እሾህ ከሚለው የግሪክኛ ቃል ነው፤ ኮሸሽላ ከምንላቸው እሾሃም ተክሎች አንዱም የዚሁ ወገን ነው። ታዲያ ስለ ሥሩ ስትናገር ሮማዊው የሥነ ሕንፃ ጸሐፊ ቪትሩቪየስ ያቆየውን ታሪክ አስታወስከኝ። በቆሮንቶስ አንዲት ልጃገረድ ሞተች፤ ሞግዚቷም ልጅቱ በሕይወት ሳለች የምትወዳቸውን ጽዋዎች በቅርጫት ሰብስባ በመቃብሩ ላይ አኖረች፣ እንዳይበላሹም የጣሪያ ሸክላ ከደነችባቸው። ቅርጫቱ ያረፈው በአካንተስ ሥር ላይ ነበርና፣ በጸደይ ቅጠሎቹ በቅርጫቱ ጎንና ጎን ወጡ፤ የሸክላው ማዕዘን ሲያግዳቸውም ወደ ውጭ ተጠቀለሉ። በዚያ ያለፈው ቀራጭ ካሊማኩስ ይህን አይቶ የቆሮንቶስን ዓምድ ጉልላት፣ ማለትም በአካንተስ ቅጠል ያጌጠውን የዓምድ ራስ፣ ፈለሰፈ ይባላል።

ዮናስ፦ ታሪኩን መጀመሪያ ያወራው ማንም ይሁን ማን፣ ተክሉን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሸክም የተጫነው አካንተስ አይሞትም፤ ዙሪያውን መውጫ ይፈልጋል።

ሰናይት፦ የጥበብ ታሪክ ሊቁ አሎይስ ሪግል ግን እ.ኤ.አ. በ1893 ባሳተመው ሥራው ይህን አልተቀበለም። በእርሱ አስተያየት ጌጡ የተወለደው ከተክሉ ሳይሆን፣ ቀደም ብሎ ይቀረጽ የነበረው የዘንባባ ቅርጽ ጌጥ ቀስ በቀስ ሥጋ እየለበሰ ሲሄድ ነው። እውነቱን ለመናገር ወደ ሪግል አደላለሁ፤ ጌጥ ብዙውን ጊዜ ከጌጥ ይወለዳልና።

ዮናስ፦ በኋላ የመጡት ጠራቢዎችስ ተክሉን አላዩትም ትያለሽ?

ሰናይት፦ እነርሱማ በሚገባ አይተውታል። በሮም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት በተመረቀው የአውግስጦስ የሰላም መሠዊያ ግድግዳ ላይ፣ ከታች ከአንድ የአካንተስ ጉጥ የተነሣው ሐረግ እየተጠማዘዘ መላውን ሰሌዳ ይሸፍናል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ከአንተ ጓሮ የተቆረጡ ይመስላሉ። ወደ ላይ ሲወጣ ግን በአንድ ግንድ ላይ ልዩ ልዩ አበቦች ይፈነዳሉ፤ ይህ በተፈጥሮ የማይሆን ነገር ነው፣ የምወደውም ስለዚህ ነው። በ537 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቁስጥንጥንያ በተጠናቀቀችው በሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅጠሉ በመሰርሰሪያ ተፈልፍሎ ጥልፍ መስሏል። አንተ ግን በጓሮህ የሞግዚቷን ነገር ሞክረኸው ታውቃለህ?

ዮናስ፦ ሳላስበው ሞክሬዋለሁ። ባዶ የአበባ ሸክላ ደፍቼበት ረሳሁት፤ ከወራት በኋላ ስመለስ ቅጠሎቹ ከጠርዙ ሥር ወጥተው ዙሪያውን ከበውታል። ወደ ውጭ ግን አልተጠቀለሉም፤ ከላይ የሚያግዳቸው የጣሪያ ሸክላ አልነበረማ።