አቋራጮቻችን ካርታ ላይ ይስፈሩ

የተከበራችሁ የወረዳችን ምክር ቤት አባላት፣ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ እናቶችና አባቶች፤

ዛሬ የአስፋልት ጥያቄ ይዤ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ አቋራጮቻችን ልናገር ነው፤ ከኮተቤ ዳገት ወደ ታክሲ መያዣው፣ ከወንዙ ማዶ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚያደርሱን የእግር መንገዶች። አንድ ቀን ጠዋት ቆርቆሮ ተመቶባቸው እናገኛለን። ልጆች በሸለቆው ዞረው ይሄዳሉ፤ ያ ሸለቆ በነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የባሰው ግን የለቅሶ ቀን ነው። አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች በአጥርና በአጥር መካከል በቀረችው ክፍተት ጎን ለጎን መቆም አቅቷቸው ቃሬዛውን ሲያዘነብሉ አይተናል። ይህ ለሟችም ለቤተሰብም ክብር አይደለም።

አቤት ስንል ባለይዞታው የይዞታ ካርታውን ያወጣል። በእኛ እጅ ያለው «ድሮም እንሄድበት ነበር» የሚል ቃል ብቻ ነው።

የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደሚወስኑ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ሕግ ሕዝብ የማለፍ መብት ያለባቸውን የእግር መንገዶች ካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ አዘዛቸው። የቀረ መንገድ ካለ ማንም ሰው «ይመዝገብ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ምክር ቤቱ ያኔ የሚመረምረው መንገዱ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን አይደለም፤ መብቱ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የመንገድ ሕግ፣ ሕዝብ ሳይደበቅ፣ በጉልበት ሳይገባ፣ ሳያስፈቅድ ለ20 ዓመት ሳይቋረጥ ከተመላለሰበት መንገዱ የሕዝብ ነው ተብሎ ይገመታል። ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ የመተው ሐሳብ እንዳልነበረው ካስረዳ ግን ግምቱ ይፈርሳል። ነዋሪዎች ቅጽ ይሞላሉ፦ ከመቼ ጀምሮ ሄድክበት? በር ነበረው? የመለሰህ ሰው አለ? ተቃውሞ ከተነሳ ጉዳዩ ከምክር ቤቱ ውጭ ባለ መርማሪ ይታያል። አሠራሩ ቀርፋፋ ነው፤ ማመልከቻ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ውሳኔው በማስረጃ ነው፤ የጉልበተኛም የባለሥልጣን ዘመድም ጩኸት አይመዝንበትም።

የእኛ ሕግ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም መንገድን ከሕዝብ ንብረት ይቆጥረዋል፤ እንዲህ ያለውን ንብረት ማንም ለረጅም ዘመን ይዤዋለሁ በማለት ብቻ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ችግራችን አቋራጩ መንገድ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ አለመኖሩ ነው።

ማስረጃው ግን አለ። ሰነድ አልባ ይዞታ ሕጋዊ ይሁንልን ስንል የምንጠየቀው «በ1988ቱ የአየር ካርታ ላይ ይታያል ወይ?» ተብለን አይደለም እንዴ? ቤቱን ለመመስከር የበቃ ካርታ በቤቶቹ መካከል የሚያልፈውን መንገድ ሊመሰክር የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚያ ወዲህ ለተከፈተው መንገድ ደግሞ የእድር መዝገብና የአዛውንቶች ቃል ይመስክር። አዛውንቶቻችን በየዓመቱ እየተለዩን ስለሆነ ቃላቸው አሁኑኑ ተጽፎ ይፈረምበት።

ባለይዞታዎችም ይደመጡ። ሕጋዊ ይዞታውን ቆርሶ የሚያልፍ መንገድ ካለ በነጻ ልቀቅ ማለት ግፍ ነው፤ ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይደነግጋል።

ስለዚህ ምክር ቤታችንን የምጠይቀው ይህ ነው። እያንዳንዱ እድር የሚያውቃቸውን አቋራጮች ከነምስክሮቹ በጽሑፍ ያቅርብ። ዝርዝሩ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ተቃውሞ ያለው ይናገር። ከዚያም ምክር ቤቱ በግልጽ ስብሰባ መርምሮ፣ የጸናውን በአካባቢ ልማት ፕላኑና በይዞታ ምዝገባው ላይ እንዲሰፍር ለክፍለ ከተማው ይላክልን። ሥራው እስኪያልቅ በዝርዝሩ ውስጥ ባለ መንገድ ላይ አዲስ አጥር እንዳይፈቀድ በዛሬው ቃለ ጉባኤ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።