ጀማሪ መካኒካል ኢንጂነር ከየት ይጀምር? (ከጅማ)

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጅማ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚንኳኳው ዝናብ ነው፤ ድምፁ ከረበሻችሁ ይቅርታ፣ ጅማ ናት፣ ምን ይደረግ።

የዛሬው ለአዲስ ተመራቂዎች ነው። 5 ዓመት ተምራችኋል። ቴርሞን አልፋችኋል፣ ማሽን ዲዛይንን አልፋችኋል፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም 50ዋን ተሻግራችኋል። ጋውን ተለበሰ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ፎቶ ተነሳ፣ ቤት ውስጥ በግ ታረደ። በማግስቱስ? በማግስቱ ቴሌግራም ይከፈታል። "መካኒካል ኢንጂነር፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት።" ወደ ታች ስትሉ፣ 3 ዓመት። "ዜሮ ዓመት" የሚል አንድ ከተገኘ ደግሞ የአገሩ ተመራቂ ሁሉ እሱ ላይ ተሰልፏል።

እኔ ይህን ጉዳይ ሁሌም የማስረዳው በአይሱዙ ረዳት ነው። የቆያችሁ ተከታታዮች "መጣ ደግሞ አይሱዙው" እያላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ችግር የለም። ለአዲሶቹ ግን ልድገመው።

አንድ ልጅ መንጃ ፈቃድ አወጣ እንበል። ፈተናውን አልፎ፣ በሕጋዊ መንገድ ያገኘው። ይህን ይዞ አንድ ባለንብረት ጋ ይሄድና "ጋሼ፣ ቡና የጫነውን አይሱዙ ይስጡኝ፣ አዲስ አበባ ላድርሰው" ይላል። ጋሼ ምን ይሉታል? መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ "ልጄ፣ በረዳትነት ግባ" ይሉታል።

ረዳት ምን ይሠራል? ገመድ ያስራል። ሸራ ያለብሳል። ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል። መኪናው ሲቆም ታኮ፣ ሲነሳ ታኮ ማንሳት። እንደገና ታኮ። ላየው ሰው የጉልበት ሥራ ነው።

ልጁ ብልጥ ከሆነ ግን ዐይኑ ሌላ ቦታ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሶኮሩን አልፈው አባልቲ ሲደርሱ፣ ሹፌሩ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል። ለምን ሳይጀምር? ልጁ ይህን ይይዛል። ወደ ጊቤ ሲወርዱ ሹፌሩ ፍሬን ላይ ተደግፎ አይቆይም፤ ጭነቱን የሚይዘው ሞተሩ ነው። ከፊት ያለው መኪና ፍሬኑ ግሎ ሲሸት፣ ሽታው ምን እንደሆነ ልጁ ያውቃል። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ሲሉ የሙቀት መለኪያዋ ስንት ላይ እንደምትቆም ያውቃል። ሌሊት ጎማ ሲቀየር ባትሪ የሚያበራውም እሱ ነው፤ ባትሪ የሚያበራ ሰው ደግሞ ሁሉንም ያያል። አንድ ቀን ሹፌሩ ደክሞት "እስኪ እስከ ወልቂጤ ያዛት" ይለዋል።

ሌላ ዓይነት ረዳትም አለ። ጋቢና ውስጥ ጫቱን ቅሞ፣ ከአባልቲ እስከ ወልቂጤ በሐሳብ ሌላ አገር ደርሶ የሚመለስ። እሱ ከ10 ዓመት በኋላም ታኮ ነው የሚያቀብለው።

ዲግሪያችሁ መንጃ ፈቃዱ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ያቺ የረዳት ወንበር ናት፤ በእኛ ሙያ ስሟ ጥገና ክፍል ነው። ቱታ፣ ግራሶ፣ የሌሊት ፈረቃ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

አሁን ወደ ሲቪ ልሄድ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ አስተያየት በተለያየ አማርኛ እየተደጋገመ መጣ፦ "ጥገና የመካኒክ ሥራ ነው፣ ኢንጂነር ዲዛይን ነው የሚሠራው።" አንዱማ "5 ዓመት የተማርኩት ኩሽኔታ ለመቀየር አይደለም" ብሎ ጽፏል፤ ብዙ ላይክ አግኝቷል፣ ከቪዲዮዬ በላይ!

እሺ። ሲቪው ይጠብቅ።

ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች አሉ። እሸት ቡና በተለቀመ ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ያለ ቦታው መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቢቆም ግቢው ጭንቅ ነው፤ ጆንያው ተደርድሯል፣ ገበሬው ቆሟል፣ ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው። መካኒኩ ይጠራል። ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ተበልቷል። ይቀይረዋል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ሁሉም እፎይ ይላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ኩሽኔታ፣ ያው ቦታ። አሁንም ይቀየራል። "ዕቃው ፎርጅድ ሆነብን" ይባላል።

እዚህ ጋ ነው ኢንጂነሩ የሚያስፈልገው። ጥያቄው፦ ለምን ይሄኛው ብቻ?

ጎንበስ ብላችሁ ፑሌጃውን (ቺንጋው፣ ማለትም ቀበቶው፣ የሚዞርበትን ባለ ቦይ መዘውር) እዩ። ቺንጋው መያዝ ያለበት በጎንና በጎኑ ነው። የፑሌጃው ቦይ ወለል እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ ቦዩ አልቆ ቺንጋው ወለሉን እየነካ ነው ማለት ነው። ወለል የነካ ቺንጋ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ምን ይደረጋል? ይወጠራል። አሁንም ይንሸራተታል፣ አሁንም ይወጠራል። ያ ሁሉ ውጥረት የት ይሄዳል? ኩሽኔታው ላይ! የቦል ኩሽኔታን የዕድሜ ቀመር ታውቁታላችሁ፤ ሲ (የኩሽኔታው አቅም) ለፒ (የተጫነበት ጭነት) ሲካፈል፣ በ3 ከፍ ይላል። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው 1/8 ይሆናል። 25 በመቶ ብቻ ሲጨምር እንኳ ወደ ግማሽ ይወርዳል። አለቀ፣ ሌላውን ማሽን ዲዛይን ላይ ተምራችሁታል።

ስለዚህ ጥፋቱ የኩሽኔታው አልነበረም። መድኃኒቱ አዲስ ፑሌጃ ነው፤ ጅማ ውስጥ ቶርኖ ቤት ይቆርጥላችኋል። ልኩን ወስዶ፣ ሥሎ የሚሰጠው ግን ማነው? እናንተ። ይኸው ዲዛይን! "ዲዛይን ነው የምፈልገው" ያልከው ወንድሜ፣ እዚያው ጥገና ክፍል ውስጥ ሲጠብቅህ ነበር።

ደግሞ ትልቁንም እዩ። ግልገል ጊቤ 1 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ እዚሁ አጠገባችን ነው። ያው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ አልፎ የ420 ሜጋ ዋቱን ጊቤ 2 ያዞራል። ዲዛይኑ አንዴ ተሠርቶ አለቀ። ተርባይኑ፣ ቫልቩ፣ ማቀዝቀዣው ግን በየቀኑ ሰው ይፈልጋሉ። አስተያየት ሰጪያችን እዚያ ቢቀጠርም የሚገባው ጥገና ክፍል ነው።

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኩ።)

ቃለ መጠይቅ። ፎርማኑ አንድ ጥያቄ ይወዳል፦ "ፓምፕ ሞተሩ እየዞረ ውኃ አልስብ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?" ተመራቂው ከበርኑሊ ቀመር ይጀምራል። አትጀምሩ! መጀመሪያ ፓምፑ ውስጥ አየር አለ ወይስ ውኃ ተሞልቷል? የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ያለው ቫልቭ ይይዛል? መጋጠሚያው አየር ይስባል? ሞተሩ በትክክለኛው አቅጣጫ ይዞራል? 3 ፌዝ ከሆነ ሁለት ገመድ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ከፍታ የሚመጣው። ፓምፕ ውኃን ከታች ሊስብ የሚችልበት ትልቁ ከፍታ ተብላ መጽሐፉ ላይ ያለችው 10.3 ሜትር የባሕር ጠለል ቁጥር ናት። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀለል ስለሚል በወረቀት ላይ እንኳ 8 ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህችን ከጨመራችሁ ፎርማኑ ቀና ብሎ ያያችኋል።

ሲቪ፣ ቶሎ ቶሎ። "ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል" የሚለውን አጥፉት፤ ሰነፍ ነኝ ብሎ የጻፈ ሰው አላየሁም። በቦታው በኢንተርንሽፕ የነካችሁትን ማሽን ስሙን ጻፉ፣ ምን እንደለካችሁ ጻፉ። የሶሊድወርክስ (የዲዛይን ሶፍትዌር) ሰርተፊኬት ጥሩ ነው፤ 4 ሰርተፊኬት ይዞ ካሊፐር ማንበብ አለመቻል ግን ያሳፍራል።

"ጅማ ላይ ሥራ የለም" ለምትሉ፦ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሆስፒታሎች አሉ፣ የውኃ አገልግሎት ፓምፖች፣ የዱቄት ፋብሪካዎች፣ የቡና ማበጠሪያዎች። ማስታወቂያ ላይወጣ ይችላል። ሄዳችሁ ጠይቁ። ሠራተኛውም ብዙው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያወራው፤ የማትችሉ ካላችሁ ቢያንስ የመሣሪያዎቹን ስምና ሰላምታውን ያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ማሽን ውስጥ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ቁልፍ ቆልፉበት። ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። "እኔ አጥፍቼዋለሁ" የሚል ሰው ላይ አትተማመኑ፣ ታላቃችሁም ቢሆን።

መፈልፈያ ጣቢያ ለመጠየቅ ያሰባችሁ፣ ጥቅምትና ኅዳር አትሂዱ፤ ለቀማ ላይ ናቸው፣ ቀና ብሎ የሚያያችሁ የለም። ማሽኑ የሚፈታው፣ የሚታጠበው፣ ዕቃ የሚቀየርለት ከለቀማው በፊት ነው። ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ሂዱ፣ ቱታችሁን ይዛችሁ። ቦት ጫማም አድርጉ፤ ጭቃውን ታውቁታላችሁ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ሁለት ፑሌጃ በሲባጎ እንዴት ቀጥ እንደሚደረግ አሳያችኋለሁ። የሌዘር ማስተካከያ መሣሪያ የላችሁም፣ እኔም የለኝም። ቻው!