ፊቱን ወደ ወንዝ ያዞረ ከተማ

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬም ከኮምቦልቻ ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ድምፅ የማይክሮፎን ብልሽት አይደለም፣ ዝናብ ነው። የኛ ቤት ቆርቆሮ እንዲህ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ግን ነሐሴን ጠብቆ ማን ይዘልቃል? ደግሞ የዛሬው ወሬ ስለ ውሃ ነው። ይዝነብ።

ሄጄ የማላውቀው አንድ ከተማ አለ። ፔሩ ውስጥ ነው፣ አማዞን ጫካ መሃል። ኢኪቶስ ይባላል። «ያልሄድክበትን አገር ምን ብለህ ታወራለህ?» እንዳትሉኝ። ልክ ናችሁ፣ ግን ስሙኝ። ይሄ ከተማ አንድ ቀን እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ማዶ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ያኔ መንገድ ዳር ያለ ፔንሲዮን ውስጥ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ከጦርነቱ በፊት ነው። እንግዶቻችን ሦስት ዓይነት ነበሩ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡ የከባድ መኪና ሹፌሮች አሉ። ነጋዴዎች አሉ። ሦስተኞቹ ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ቱሪስቶች ናቸው። እነሱ ካላመሹ በቀር አያድሩም። ምሳ በልተው ይሄዳሉ። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ላሊበላ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይቀረናል?» ስለ ኮምቦልቻ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። የምግብ ቤታችን እትዬ «እኛ እኮ ከተማ አይደለንም፣ ፌርማታ ነን» ይሉ ነበር። ሲሉት ይስቃሉ። እኔ ግን ትንሽ ይከነክነኝ ነበር።

አንድ ክረምት ከላይ መሬት ተንሸራቶ መንገድ ተዘጋ። አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ሦስት ሌሊት እኛ ጋ ቀረች። እንቅልፍ የላትም። ማታ ማታ ወርዳ ሻይ ይዛ እኔ ፊት ትቀመጣለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እናወራለን። ሁለተኛው ሌሊት ላይ የስልኳን ፎቶዎች አሳየችኝ። አንዱን ሳየው «ይሄማ ኮምቦልቻ ነው!» አልኩ። ባጃጅ በባጃጅ የሆነ መንገድ ነበር። ሳቀች። ኢኪቶስ ነበር።

ባጃጅ ልበለው እንጂ ትንሽ ይለያል። ከፊት ሞተር ሳይክል ነው። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው የሚይዝ ጎኑ ክፍት ወንበር አለው። ከተማው በእሱ ተሞልቷል። ጩኸቱ አያድርስ ነው አለች። ጫካ መሃል ጸጥታ ፍለጋ ሄዳ፣ መጀመሪያ ያገኘችው የሞተር ጩኸት ነው። ምክንያቱ ሲገባችሁ ግን ይገርማል። እዚያ መኪና በመንገድ አይደርስም። የሚደርሰው በጀልባ ተጭኖ ነው። እንግዲህ ሞተር ሳይክል ከመኪና በብዙ ይቀልላል።

አዎ፣ በመንገድ አይደረስም። ኢኪቶስ በዓለም ላይ የመኪና መንገድ ከማያደርስባቸው ከተሞች ትልቁ ነው ይባላል። ወደ 400 ሺህ ሰው ይኖርበታል። ከከተማው የሚወጣ አንድ አስፋልት አለ። ናውታ ወደምትባል ሌላ የወንዝ ዳር ከተማ ይወስዳል፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ ያበቃል። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ አጣዬ አካባቢ ስትደርሱ፣ መንገዱ አልቆ ከፊታችሁ ውሃና ጫካ ብቻ ቢቆም ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይገባል? አንደኛው በአውሮፕላን ነው፣ ከዋና ከተማው ከሊማ ሁለት ሰዓት የማይሞላ። ሌላው በጭነት ጀልባ ነው፣ ፑካልፓ ወይም ዩሪማጓስ ከሚባሉ የወንዝ ወደቦች ተነስቶ ቀናት ይፈጃል። ሴትየዋ በጀልባው ነበር የገባችው። ሁሉም ሰው በገመድ የሚሰቀል አልጋውን ይዞ ይመጣና ከጣሪያው ያስራል። ከጎንህ የማታውቀው ሰው ይወዛወዛል። ከሥር ሙዝ፣ ዶሮ፣ ጀሪካን፣ የቢራ ሳጥን፣ ሞተር ሳይክል። «ገባኝ» አልኳት። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚሄድ አይሱዙ ላይ የተሳፈረ ሰው ይሄን ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገውም። ልዩነቱ እኛ አቧራ እንበላለን፣ እነሱ ዶልፊን ያያሉ። ቀልድ አይደለም። ሮዝ ቀለም ያለው የወንዝ ዶልፊን አለ፣ ጀልባ አጠገብ ብቅ ይላል።

አንድ ነገር በኋላ አንብቤ ደነገጥኩ። ኢኪቶስ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በወንዙ ሲለካ ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከፍታው ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ያን ሁሉ መንገድ የሚወርደው በመቶ ሜትር ቁልቁለት ነው! ከውቅያኖስ የተነሳ መርከብ እስከዚያ ድረስ መምጣት የሚችለውም ለዚህ ነው። እኛ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ገደማ እንወርዳለን፣ ጆሯችን እስኪዘጋ። የኛ ወንዞች ይሮጣሉ። የነሱ ይተኛል።

ወንዙ ለነሱ መንገድ ስለሆነ ከተማው ሁሉ የሚያየው ወደ እሱ ነው። ማሌኮን የሚሉት የወንዝ ዳር መንሸራሸሪያ አላቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ውሃ ያያል። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። የሚገርመው ዋናው አማዞን ራሱ መስመሩን ቀይሮ ከከተማው ፊት ራቅ ብሏል። አሁን ከማሌኮኑ ሥር የሚያልፈው ኢታያ የሚባል ገባር ነው። ሰዉ ግን ልማዱን አልተወም።

ማሌኮኑ አጠገብ ግድግዳቸው በፖርቱጋል ሸክላ ጌጥ የተለበጠ አሮጌ ቤቶች አሉ። አደባባዩ ላይ ደግሞ ከአውሮፓ ተፈታትቶ መጥቶ የተገጣጠመ ሙሉ የብረት ቤት አለ። የፓሪሱን ግንብ የሠራው ኤፌል ነው የነደፈው ይላሉ፣ የሚጠራጠሩም አሉ። ጫካ ውስጥ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ከጎማ። የጎማ ዛፍ በተፈጥሮው የበቀለው በዚያ ጫካ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ዓለም ጎማ ጎማ ሲል ገንዘብ እንደ ወንዙ ጎረፈ። ታሪኩ ቆንጆ አይደለም። ጎማውን የሚለቅሙት የአካባቢው ተወላጆች ናቸው፣ በግርፋትና በባርነት። በፑቱማዮ ወንዝ አካባቢ የደረሰባቸውን ግፍ ሮጀር ኬዝመንት የተባለ የእንግሊዝ ዲፕሎማት መርምሮ፣ ሪፖርቱ በ1912 ሲታተም ዓለም ጉድ አለ። በዚያው ሰሞን ገንዘቡም ነጠፈ። በ1876 አንድ እንግሊዛዊ የዛፉን ዘር ከብራዚል ወደ ለንደን አውጥቶ ነበር። ያ ዘር እስያ ተተክሎ በርካሽ ጎማ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት የሸክላ ጌጥ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እኛም እኮ እንዲህ ያለ ከተማ ነበረን፣ ጋምቤላ። እንደ ፈረንጆቹ በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት፣ ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ቦታ ተፈቀደ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም ይመጣል። ቡና ይወጣል፣ ጨውና ጨርቅ ይገባል። ውሃው ሲጎድል ከተማው ይተኛል። ባሮን የሚሞላው ከላይ የኢሉባቦር ጫካ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ጎማን በቡና ተኩና ኢኪቶስን በትንሹ ታገኙታላችሁ። በኛ ትምህርት ቤት ባሮ መርከብ የሚሄድበት ወንዝ ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር። መልሱን ጽፈን አለፍን። መርከቡ ምን እንደጫነ የነገረን የለም።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ከሁሉ ረጅም ሰዓት ያወራችልኝ ቤሌን ስለሚባለው ሰፈር ነው። ቆላማው የከተማው ክፍል ነው። ቤቶቹ ረጃጅም የእንጨት እግር ላይ ቆመዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ በግንድ ላይ ይንሳፈፋሉ። ወንዙ በዓመት ውስጥ የሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ውሃው ሲሞላ መንገዱ ቦይ ይሆናል፣ ልጆች በታንኳ ይሄዳሉ። ሲጎድል እዚያው ላይ ጭቃ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ። ቱሪስቱ በታንኳ እየዞረ ፎቶ ያነሳል። እሷም አንስታለች። ከዚያ አንዲት እናት በር ላይ ቆማ ልብስ ስታጠብ አየቻት፣ ከዚያው ቆሻሻ ከሚወርድበት ውሃ። «ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላብራራችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ምግቡን ሳልነግራችሁ ባልፍ እትዬ ይጣሉኛል። ሁዋኔ የሚባል አለ። ሩዝ ከዶሮና ከእንቁላል ጋር በሰፊ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀቀላል። ሰኔ ላይ በመጥምቁ ዮሐንስ በዓላቸው ሁሉም ቤት ይሠራል። ፎቶውን ሳሳያቸው እትዬ «ኮባ ነው?» አሉ። ኮባ እንኳን አይደለም። ግን ዳቦ በኮባ የጋገረ እጅ ወዲያው ያውቀዋል።

ብዙ ፈረንጅ ኢኪቶስ የሚሄደው ለሌላ ጉዳይ ነው። አያዋስካ የሚባል፣ ከሐረግና ከቅጠል ተቀቅሎ የሚዘጋጅ መጠጥ አለ። የአካባቢው ተወላጆች ባህላዊ መድኃኒት ነው። ያስመልሳል፣ ራእይ ያሳያል። ሐዘን የከበደው፣ ጭንቀት ያልለቀቀው ሰው ከሌላው ዓለም ጫፍ ይመጣል። የሚፈልጉት ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ጄሪካኑን ይዞ ጠበል የሚሄደውም፣ ዱዓ የሚያስደርገውም እዚሁ አለ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይሄን ሲጠጣ ለሕይወቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የሞቱ ተጓዦችም አሉ። ለተጓዥ ሲባል በየጫካው የሚከፈተው ማረፊያ ሁሉ ይሄን አጣርቶ ይጠይቃል ብሎ ማመን ይከብደኛል።

አሁን «መንገድ የሌለው ከተማ» ስንል የሚያምረው ለእንግዳ ነው። በኛ አቆጣጠር በ2012 ኮሮና ሲገባ ኢኪቶስ ክፉኛ ተመታ። ኦክስጅን አለቀ። በመኪና ተጭኖ የሚደርስ ነገር የለም፣ ሰው ሲሊንደር ፍለጋ ይንከራተት ነበር። ይሄን ዜና ሳነብ ፎቶዎቹ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር፣ የኛም መንገድ ተዘጋ። ደሴና ኮምቦልቻ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚያ ዛሬ አላወራም።

ግን አንድ ጥያቄዋ ነው ይሄን ሁሉ ያስለፈለፈኝ። ሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ ከተማ ዞራ መጣች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። «ወንዝ አላችሁ» አለችኝ።

«አዎ፣ ቦርከና» አልኳት።

«የት ቁጭ ብለው ነው የሚያዩት?»

መልስ አጣሁ። ቦርከና ከደሴ ተራሮች ይነሳል፣ ከተማችንን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። የት ቁጭ ተብሎ እንደሚታይ ግን አላውቅም። በረንዳችን ሁሉ ወደ አስፋልት ነው። ካፌዎቻችን ወንበራቸውን ወደ አስፋልት ያዞራሉ፣ የሚያልፍ መኪና ለማየት። ወንዙ ያለው ከጓሮ ነው። የምናስታውሰው ሲሞላና ቆሻሻ ስንጥል ነው። ሰውን አልወቅስም፣ እንጀራው ከአስፋልቱ ነው የሚመጣው። ኢኪቶስም ወንዙን የሚያየው ከኛ ስለሚበልጥ አይደለም። የሚጠብቁት ሁሉ በዚያ በኩል ስለሚመጣ ነው።

መንገዱ በማግስቱ ተከፈተ። ሄደች። ላሊበላ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚቀራት ሳትጠይቀኝ የሄደች ብቸኛ ቱሪስት እሷ ናት።

ባለፈው እሁድ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሜ፣ ቡና በፔርሙዝ ይዤ ቦርከና ዳር ወረድኩ። ውሃው ቡና በወተት መስሏል። ሽታ አለው፣ አልዋሽም። ሁለት ልጆች ባጃጅ ያጥባሉ። ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብዬ አየሁ። ከማዶ አንዲት ሽመላ ቆማለች፣ እሷም ዝም ብላ ታያለች። ከልጆቹ አንዱ ጨርቁን እየጨመቀ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰው ቀጥረው ነው?»

«አይ፣ ወንዙን እያየሁ ነው።»

ዞር ብሎ ወንዙን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ለጓደኛው ጮኸ፦ «ና እስቲ፣ ምን እንደወደቀባቸው እንፈልግላቸው!»