ጭላዳን ጭላዳ በሉት

ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፣ የደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

የቱሪስት ወቅት ከመግባቱ በፊት ስለ ዱር እንስሳት ስም አመጣጥ ተናገር ብላችሁ ጋብዛችሁኛል። አመሰግናለሁ። ጉዳዩ ሰፊ ነው። ግን ግማሾቻችሁን ባዮሎጂ አስተምሬያችኋለሁ፤ አንድ ነገር ከያዝኩ እንደማልለቅ ታውቃላችሁ። ዛሬ የያዝኩት የስሜን ተራራችንን ዝንጀሮ መሳይ እንስሳ፣ ጭላዳን ነው።

ባለፈው ጥር ከሳንቃ በር ወደ ግጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርኩ። መንጋው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። በሁለት እጁ እየነጨ፣ ሳይነሳ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ። አውራው ጎፈሩን ነፋስ እያመሰው ደረቱን ገልጧል። ያ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። አንድ አስጎብኚ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ እንግዶቹን አስከትሎ መጣ። «ብሊዲንግ ሃርት ባቡን» አላቸው፤ ልቡ የሚደማ ዝንጀሮ ማለቱ ነው። አንዷ ሴትዮ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «እናንተስ በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብላ ጠየቀችው። «ገላዳ» አላት። እሷም ጻፈች።

አጠገባችን በግ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። እንግሊዝኛው አይገባውም፤ የመጨረሻዋን ቃል ግን ሰምቷል። «ኧረ ጭላዳ ነው!» ብሎ ጮኸ። አስጎብኚው ዞሮ «ዝም በል አንተ!» አለው።

እዚያች ላይ ደሜ ፈላ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ለምን መሰላችሁ? በ1830ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው እዚህ ስሜን ድረስ መጣ። እንስሳቱን ሰበሰበ። ስማቸውን ከአገሬው ሰምቶ ጻፈ። በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቃቸው ዋልያን «ካፕራ ዋሊ»፣ ጉሬዛን «ኮሎቡስ ጉሬዛ» አላቸው። ጭላዳን ደግሞ «ገላዳ» አለው። ገላዳ ሌላ ምንም አይደለም፤ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ጭላዳ ነው። «ጭ» በፊደላቸው የለችም። ሰውዬው ቸግሮት ነው። እኛን ምን ቸገረን?

እስቲ አስቡት። የዓለም ሳይንቲስት በሙሉ እስከ ዛሬ የሚጠቀምበት ስም ከአያቶቻችን አፍ የወጣ ነው። ለሩፔል ስሙን የነገረው ገበሬ ወይም እረኛ የትም አልተጻፈም። ቃሉ ግን አለ። እኛ ያንን ቃል ከእረኛው ልጅ አፍ ላይ ዝም እናሰኛለን! የተሰባበረውን መልሰን ከውጭ እንበደራለን! ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

«ባቡን»፣ ማለትም ዝንጀሮ፣ ማለቱም ስህተት ነው። ጭላዳ የባቡን ዘመድ ነው እንጂ ባቡን አይደለም። ከራሱ ወገን ዛሬ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ድሮ ጠፍተዋል፤ አጥንታቸው አፋርና ኦሞ ውስጥ ተቆፍሮ ይወጣል። ለእንግዳ የሚነገር ወሬ ከተፈለገ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሌሎቹን ልለፍባቸው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ተላከለት። እንስሳው «የግሬቪ ዜብራ» ተባለ። ስጦታ ተቀባዩ ስሙ ቀረለት፤ የላኪው አገር ስም ግን የለበትም። የደጋ አጋዘንም ያው ነው። አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው፣ የባሌና የአርሲ ሰው ከጥንት የሚያውቀው እንስሳ፣ አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ ስለገደለው በ1910 በሳይንስ ስሙ «በክስተኒ» ተባለ። ፈረንጆቹ አጋዘኑን የሚጠሩበት «ኒያላ» የሚለውም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ቃል ነው። ብዙዎቻችን ኒያላ ሲባል ትዝ የሚለን ሲጋራው ነው፤ አጋዘን ሲባል ግን እንስሳው ፊታችን ይመጣል።

ቀይ ቀበሮን በተመለከተ አንዳንዶቻችሁ «ሳይንስ ተኩላ ነው ብሏል፣ እንቀይረው ወይ?» ብላችሁኛል። አዎ፣ በዘሩ ለተኩላ ይቀርባል። ይሄንን ለእንግዳው ንገሩት። ስሙን ግን አትንኩት። እነሱ አንዴ የስሜን ቀበሮ፣ አንዴ የስሜን ጃካል፣ አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ ተኩላ እያሉ ሲቀያይሩት የእኛው ቀይ ቀበሮ ቀይ ቀበሮ ሆኖ ኖሯል። የባሌ ኦሮሞ ደግሞ «ጄዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው እንስሳውን ቁጭ ብሎ አይቶታል። ጥምብ አንሳንም፣ ቀጭኔንም እንዲሁ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው የሰየሟቸው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለእንግዶች የምታድሉት ወረቀት ላይ የአገርኛ ስም የለም፤ አይቼዋለሁ። ዘንድሮ ሲታተም ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ በፊደላችን ከላይ ይጻፉ፤ የፈረንጁ ስም ከሥር ይሁን። እንግዳው «ጭ»ን እስኪላት ድረስ አብራችሁት ቆማችሁ አስጠኑት። ጽሑፉን እኔ አዘጋጃለሁ፤ እስከ መስቀል ድረስ ለሊቀመንበሩ አስረክባለሁ።

አመሰግናለሁ።