የኮዙካፓራው አዛውንት

ባለፈው ክፍል ስለ ጃፓናዊው ሐኪም ስለ ኦጋታ ኮዋን የኦሳካ ትምህርት ቤት እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ «የነገ ሰው» እያላችሁ የምትቀልዱብኝ አድማጮች በድጋሚ ረታችሁኝ። ስለ ሌላው ጃፓናዊ ሐኪም ስለ ሱጊታ ገንፓኩ ሳነብ ያገኘኋት አንዲት ንግግር እረፍት ስለነሣችኝ፣ እሷን ሳላነሣ ወደ ሌላ ማለፍ አልቻልኩም።

ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1771፣ ቦታው ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ፣ ኮዙካፓራ የተባለው የሞት ቅጣት መፈጸሚያ ነው። ገንፓኩና ባልንጀሮቹ ሐኪሞች ማኤኖ ሪዮታኩና ናካጋዋ ጁንአን በሞት የተቀጣች ሴት አስከሬን ሲከፈት ለማየት መጥተዋል። ገንፓኩና ሪዮታኩ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘዋል፤ ይኸውም የጀርመናዊው የኩልሙስ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል በደች (በሆላንድ) ቋንቋ የታተመው ነው። ቢላዋ የሚጨብጠው ግን ሐኪም አልነበረም። ሬሳ መንካት እንደ ርኩሰት ስለሚቆጠር ሥራው ከኅብረተሰቡ ለተገለሉ ሰዎች የተተወ ነበር፤ የዕለቱ ባለሙያ ቶራማትሱ ስለታመመ የ90 ዓመት አያቱ በምትኩ መጡ። ሐኪሙን አንተ፣ አዛውንቱን አንቱ እያልኩ መሆኔን አስተውያለሁ፤ እንዲሁ ይሁን።

አዛውንቱ ልቡን፣ ጉበቱን፣ ሐሞቱን፣ ጨጓራውን እያነሡ ያሳያሉ፤ ስማቸውን የማያውቋቸውንም ክፍሎች ከወጣትነታቸው ጀምሮ በከፈቱት አስከሬን ሁሉ በዚያው ቦታ እንዳገኟቸው ይናገራሉ። ሐኪሞቹ ከሥዕሉ ጋር ያስተያያሉ፤ ይገጥማል። ከጥንቱ የቻይና ትምህርት የወረሱት፣ በግራ ሦስት በቀኝ አራት የሆነው የጉበት ክፍፍል ግን የለም። በዚህ መካከል አዛውንቱ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለመጡት ሐኪሞች ሁሉ እነዚህኑ ነገሮች ሲያሳዩ እንደኖሩ፣ ይህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው ግን አንድም ሰው እንዳልነበረ ተናገሩ።

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ምን ይመስል ነበር? ቅሬታ ነው፣ ትዝብት ነው ወይስ ለእንግዶቹ የተሰጠ ምስጋና? መጀመሪያ ትዝብት ነው ብዬ በቀደሙት ሐኪሞች ሳቅሁ፤ ኦካዳ ዮሰንና ፉጂሞቶ ሪሰን ሰባትና ስምንት ጊዜ ያህል ተመልክተው፣ ያዩት ከመጻሕፍቱ ጋር አልስማማ ሲላቸው፣ ምናልባት የቻይናና የሌላው አገር ሰው አካል ይለያይ ይሆናል እስከ ማለት ደርሰው ነበርና። ኋላ ግን ሳቄ አላዘለቀኝም። እነሱም እኮ ግራ ተጋብተዋል፤ የጎደላቸው ያዩትን የሚያመሳክሩበት ሥዕል ነበር። ያ መጽሐፍ በእጁ ባይኖር ገንፓኩስ ይጠይቅ ነበር? አይመስለኝም፤ ወይም ይጠይቅ ነበር፣ ነገር ግን ጥያቄው ወዴትም አይወስደውም ነበር እላለሁ፤ በዚህም ቢሆን አልጸናም።

ደግሞ ታሪኩን የምንሰማው ከራሱ ከገንፓኩ ነው፤ የጻፈውም በ1815፣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት፣ ከ44 ዓመታት በኋላ ነው። የአዛውንቱ ንግግር እሱን ብቸኛው ጠያቂ ስለሚያደርገው ትንሽ ያጠራጥረኛል። በሌላ በኩል ራሱን አላስዋበም፤ በማግስቱ በሪዮታኩ ቤት ያንን መጽሐፍ ወደ ጃፓን መተርጎም ሲጀምሩ የደችን ፊደል እንኳ እንደማያውቅ፣ መቅዘፊያና መሪ በሌለው መርከብ ባሕር እንደ ገባ ሰው መሆናቸውን በግልጽ ጽፏል። በ1774 ትርጉሙ «ካይታይ ሺንሾ» ተብሎ ሲታተም ደግሞ፣ ከሁሉም ይልቅ ቋንቋውን የሚያውቀው የሪዮታኩ ስም አልወጣም። አዛውንቱም በገንፓኩ ትዝታ ውስጥ የቶራማትሱ አያት ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

ሴትዮዋስ? ከኪዮቶ የመጣች፣ ዕድሜዋ ወደ 50 የሚጠጋ፣ በቅጽል ስም የምትታወቅ መሆኗን ይነግረናል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ጉበቷ እንጂ ስለ እሷ አይናገርም። አዛውንቱ የሚጠይቅ አጣሁ ሲሉ፣ እሷን ማን መጠየቅ ነበረበት ብዬ ማሰብ እጀምርና፣ ነገሩ ከሕክምና ወጥቶ ወደ ሌላ ስለሚሄድብኝ…